አራተኛው የሌለበት ግሩፕ

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላል ሰው። እኔ ደግሞ እንዳልመነጠር ስጠረጥር የኖርኩ ሰው ነኝ። ሱዳን፣ ገዳሪፍ ተወልዶ ያደገ የሐበሻ ልጅ ካልጠረጠረ ምን ይሠራል? ፖሊሱ ፈገግ ካለልህ ትጠረጥራለህ። ደላላው "ወንድሜ" ካለህ ትጠረጥራለህ። ሸበካው፣ የስልኩ መስመር ማለቴ ነው፣ ድንገት ጥርት ብሎ ከሠራ እንኳ "ደግሞ ምን ሊመጣ ነው?" ትላለህ። ጓደኞቼን ግን ጠርጥሬ አላውቅም ነበር። እነሱን መጠርጠር የጀመርኩት አልበም እንሥራ ካልን ወዲህ ነው።

አራት ነን። አንድ ሰፈር ያደግን፣ በሐበሻው ሰርግ ሁሉ አብረን የምንጫወት። አንዱ ይዘፍናል፣ አንዱ ከበሮ ይመታል፣ አንዱ ኦርጋን ይጫወታል፣ እኔ ክራር እመታለሁ። ጦርነቱ ተነስቶ ከተማው በተፈናቃይ ሲሞላ ሰርጉም ቀረ፣ እኛም ተበተንን። ድምፃዊው በጁባ በኩል ዞሮ ካምፓላ ገባ። ከበሮ መቺው በገላባት ተሻግሮ ጎንደር፣ የአባቱ ዘመዶች ዘንድ ሄደ። ኦርጋን ተጫዋቹ ከሰላ ላይ የስልክ ጥገና ሱቅ ከፈተ። እኔ እዚሁ ሪክሻ የምንላትን ባጃጄን እየነዳሁ ቀረሁ። የቀረሁት እማየ ከገዳሪፍ ንቅንቅ አልልም ስላለች ነው። ታላቅ ወንድሜ በሊቢያ መንገድ ወጥቶ ድምፁ ከጠፋ ዓመታት ሆኑት። "ቢመለስ የሚያውቀው ይችን ቤት ነው" ትላለች። ምን ብለህ ትከራከራታለህ?

አልበሙን የጀመረው ድምፃዊው ነው። ለየብቻችን ሆነን እንሥራው አለ። ከበሮ መቺው መጀመሪያ በጭብጨባ ፍጥነቱን ይይዝና ከበሮውን ቀርጾ ይልካል። እኔ ከበሮውን በሁለቱም ጆሮዬ በኢርፎን እየሰማሁ ክራሬን እመታለሁ፤ የሚቀርጸው የእማየ ስልክ ነው፣ መስኮቱ ላይ አስቀምጬው። ከሰላ ያለው ሁሉንም በኮምፒውተሩ ያገጣጥምና ኦርጋኑን ይጨምራል። ካምፓላ ያለው በመጨረሻ ይዘፍንበታል፤ የተገጣጠመው ካላለቀ አይላክልኝም። መብራት ሲኖር ሸበካ የለም፣ ሸበካ ሲመጣ ባትሪ የለም። አንዲት ቅጂ ለመላክ የሳተላይት ኢንተርኔት ያለው ሱቅ በር ላይ ሪክሻዬን አቁሜ፣ ተሳፋሪ እየመለስኩ፣ ፀሐይ ላይ እቀመጣለሁ።

ታዲያ አይሰለቸኝም ነበር። እውነቱን ልናገር፤ ያ አልበም ባይኖር ከነሱ ጋር የሚቀረኝ "እንዴት ነህ፣ ደህና ነኝ" ብቻ ነበር። እነሱ አዲስ አገር፣ አዲስ ሰው አላቸው። የእኔ ድርሻ ክራሬ እዚያ ዘፈን ውስጥ መሰማቱ ነው። እና ክራሬን ሊያወጡብኝ ነው ብዬ ስጠረጥር እንዴት እንደሚያንገበግብ አስቡት።

ነገሩ የጀመረው "አንዴ ድገምልን" ከሚል ነው። ደገምኩ። "እስኪ አሁንም ድገምልን።" ምኑ ነው የተበላሸው? አይሉኝም። እነዚህ ሰዎች እኮ ዱሮ ልምምድ ላይ አንድ ሰው ሲያስል እንኳ የሚጣሉ ነበሩ! አሁን እማየ ከመስኮቱ ሥር፣ ከሣር በተሠራው ራኩባ ጥላ ውስጥ ቁጭ ብላ የነጋዴ ሰሊጥ ስታበጥር ሰፌዷ ሸክ ሸክ ሲል ቀረጻው ውስጥ ይገባል። ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ሦስቱም በአንድ አፍ "ኧረ ችግር የለውም!" አሉኝ። በአንድ አፍ። ሦስት ሙዚቀኛ በአንድ አፍ ተስማምቶ የሚያውቀው መቼ ነው?

ላሳያቸው ብዬ አንድ ልብስ ሰፊ ወዳጄን ለመንኩት። ሱቁ በጨርቅ ጥቅል ስለተሞላ ድምፅ ከውጭ አይገባም። እዚያ ገብቼ፣ በላብ ተጠምቄ፣ ጥርት ያለች ክራር ቀርጬ ላክሁ። መልሱ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? "ይሄኛው አይሆንም። የቤቱ ይሻላል። እዛው ቦታህ ሆነህ ምታው።" አሃ! አልኩ። ገባኝ። ድምፄ የተበላሸ እንዲሆን ይፈልጋሉ። ነገ "የእሱ ቀረጻ ቆሻሻ ነው፣ ሌላ ክራር መቺ እንፈልግ" ለማለት ምክንያት እያዘጋጁ ነው። ጎንደር ክራር መቺ ሞልቷል፣ ምን ቸገራቸው!

ከዚያ ያቺ መልእክት መጣች። ሱቁ በር ላይ ተቀምጬ ስልኬን እያየሁ ሳለ ድምፃዊው በአራታችን ግሩፕ ውስጥ ጻፈ፦ "ክራሩን አሁንም ዝቅ አድርገው።" ወዲያው ሰረዘው። ዓይኔ ግን አይቶታል። "ምን ነበር?" ብዬ ጻፍኩ። "በስህተት ነው" አለ። በስህተት! ሰው ወዲያው የሚሰርዘው ለሌላ ሰው ሊልከው የነበረውን ነው። ስለዚህ ሌላ የሚጻጻፉበት ቦታ አላቸው ማለት ነው። "አሁንም" የምትለዋ ቃል ደግሞ ሆዴ ውስጥ ገብታ ቀረች፤ ከዚህ በፊትም ዝቅ አድርገውታል ማለት አይደል?

እማየ ፊቴን አየች። እሷ ፊት የማንበብ ችሎታዋን ለመንግሥት ብትሰጥ ኖሮ እስር ቤት አይበቃም ነበር።

"ከጓደኞችህ ተጣላህ?"

"አልተጣላሁም።"

"እንግዲያ ምን ሆነሃል? ክራሩንስ ለምን እንደ ጠላት ታየዋለህ?"

"ምንም አልሆንኩም አልኩሽ፣ እማየ።"

ወደ ሰሊጧ ተመለሰች። ስለ ዘፈን ከእሷ ጋር ብዙ አላወራም፤ ምክንያት አለኝ። እማየ በጊዜዋ የሰርግ አድማቂ ነበረች። ከዶካ፣ ከከሰላ፣ ከመተማ ማዶ ሳይቀር ሙሽራ ያለበት ቤት ይጠራት ነበር። ወንድሜ ድምፁ የጠፋ ጊዜ ግን ለማርያም ተሳለች፤ "ልጀን እስክታሳይኝ ዘፈንም እልልታም ከአፌ አይወጣም" አለች። ከዚያ ወዲህ ሰርግ ቤት ስትሄድ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ጥግ ትቀመጣለች። ሰው ስለቷን እያወቀ ዝፈኚ አይላትም። አንዷ ሴት ስታ "አንቺማ አውጪልን እንጂ!" ብትላት ተነስታ ወጣች።

እኔ እንግዲህ ለብቻዬ ተብሰለሰልኩ። በመጨረሻ ወጥመድ አዘጋጀሁ። የክራሬን ሦስተኛ ክር ሆን ብዬ አላላሁት። በባቲ ቅኝት ነው የምንሠራው፤ ያች ክር ካልተቃኘች ባቲው ባቲ አይደለም፣ የተረገጠች ድመት ነው። ያንን መትቼ ላክሁላቸው። ከሰሙት ይጮኻሉ፤ ካልጮኹ ክራሬን እያዳመጡት አይደለም ማለት ነው።

መልሱ እስኪመጣ ስልኬን ደጋግሜ ከፈትኩ። መጀመሪያ ከበሮ መቺው፦ "ውይ! እንዴት ያምራል!" ቀጥሎ ድምፃዊው፦ "አለቀስኩ እኮ አንተ ሰው።" ቀጥሎ የከሰላው፦ "እጅህ ይባረክ።"

ስልኩን ሪክሻው ወንበር ላይ ወረወርኩት። እጅህ ይባረክ! ያንን ሰምቶ እጅህ ይባረክ የሚል ወይ ደንቆሮ ነው፣ ወይ አልሰማም፣ ወይ ይስቅብኛል። ሦስቱም አልጣሙኝም። አልደብቅም፣ ማልቀስ ቃጥቶኝ ነበር። ሄጄ ላገኘው የምችለው የከሰላው ብቻ ነው። በማግስቱ ክራሬን በጨርቅ ጠቅልዬ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። እማየን "ለሥራ ነው" አልኳት። "ክራር ይዘህ?" አለች።

መንገድ ላይ ፍተሻ አለ። ሁላችንን አወረዱን። አንድ ወጣት ወታደር ጥቅልሉን ነካ ነካ አደረገና "ዳ ሽኑ?" አለ፤ ይሄ ምንድን ነው? ክራር ነው ብለው አልገባውም። ስልኬንም ወሰደ። ስልኩ ውስጥ ያለው ደግሞ ድምፅ ብቻ ነው፤ ጭብጨባ፣ ከበሮ፣ ሰፌድ። ጆሮውን አስጠግቶ እያዳመጠ በዓይኑ ይመዝነኛል። ይኸ ሁሉ ጭብጨባ የምን ምልክት ነው? ለማን ነው የምትልከው? ካምፓላ ያለው ማነው? ጠርጣሪው ሰውዬ ተጠርጣሪ ሆንኩላችሁ። "ፍታው" አለኝ። ፈታሁት። "ጠምቡር በለኛ!" አለና ፊቱ በራ፤ የነሱ አገር ክራር መሰል ነገር ነው። "ምታ።" መንገድ ዳር ቆሜ መታሁ። ተሳፋሪው አጨበጨበ፣ ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ። ወታደሩ ስልኬን እየመለሰ "ጓደኞችህ የት ናቸው?" አለኝ። "ተበትነዋል" አልኩት። "አንዱጋ እየሄድኩ ነው፤ የከዱኝ መስሎኛል።" ሳቀብኝ። "ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ የከዳህን ሰው ትጠይቀዋለህ እንዴ? አይነግርህም እኮ" አለ። እኔም ይህን ሳስብ ነው ከሰላ የደረስኩት።

ሱቁ ውስጥ ስገባ ጓደኛዬ ኮምፒውተሩ ላይ አጎንብሶ ነበር። ሲያየኝ መጀመሪያ ያደረገው ምን መሰላችሁ? ስክሪኑን አጠፋ። ከዚያ ነው ተነስቶ ያቀፈኝ። ትከሻ ለትከሻ ተሳሳምን፤ በትከሻው በኩል ግን ዓይኔ ከስክሪኑ አልተነሳም።

"እንዴት ሳትደውል? ና መጀመሪያ ፉል እንብላ።"

"አልበላም።"

"ሻይስ?"

"አልጠጣም። ስክሪኑን አብራው።"

"ምን ሆነሃል አንተየ? መንገድ አድክሞህ..."

"ሦስታችሁ ብቻችሁን የምትጻጻፉበት ግሩፕ አላችሁ ወይስ የላችሁም? በእናትህ ማልልኝ!"

በእናቱ ሊምል አልቻለም። አንገቱን ደፋ። እኔ ደግሞ ልክ መሆኔ ደስ ሊለኝ ሲገባ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። "አለን" አለ። "ግን አንተ እንዳሰብከው አይደለም።"

"ክራሬን አውጥታችኋል?"

"አላወጣነውም።"

"ዝቅ አድርጋችሁታል።"

"እሱንስ አድርገናል።"

"ክር አላልቼ የላክሁትን 'እጅህ ይባረክ' ያልከኝ አንተ አይደለህም?"

ይኼኔ ሳቀ። መሳቁ! ክራሩን አናቱ ላይ ላሳርፍበት ምንም አልቀረኝም። እሱ ግን ትልቁን የጆሮ ማዳመጫ አንስቶ ጆሮዬ ላይ ደፋብኝና ስክሪኑን አበራ።

መጀመሪያ የሰፌዱ ሸክ ሸክታ መጣ። ከከበሮው ጋር ልክ ለልክ እየሄደ፣ እንደ ጽናጽል። ክራሬ ከሩቅ፣ ከሥር ይሰማል። ከዚያ በላይ ደግሞ አንድ ድምፅ አለ። ቃል የለውም። አፍ ተዘግቶ በአፍንጫ የሚንጎራጎር፣ ሻካራ፣ የደከመ፣ ግን ባቲውን ይዞ የትም የማይለቅ። ያላላሁት ክር ላይ ሲደርስ ክራሬ ይሳሳታል፤ ያ ድምፅ ግን ትክክለኛውን ቦታ ረግጦ ያልፋል፤ እንደገና ስሳሳት እንደገና ያቃናዋል። እናቴ ናት።

ጆሮዬ ኢርፎን ተወትፎበት፣ ከበሮ ሲደበደብበት፣ ከመስኮቱ ማዶ ያለችውን እናቴን ሰምቻት አላውቅም። የቀረጽኩትንም ባትሪ እንዳያልቅብኝ መግቢያውን ብቻ ሰምቼ ነበር የምልከው። እሷም ሰሊጥ ስታበጥር እጇ ነው የሚሠራው እንጂ አፏ ምን እንደሚያደርግ አታውቅም። ስልኩ ግን መስኮቱ ላይ ነበር፤ ከእኔ ይልቅ ለእሷ ይቀርብ ነበር።

"መጀመሪያ የሰማው ድምፃዊው ነው" አለኝ ጓደኛዬ። "'እትየ ናቸው!' ብሎ ደወለልኝ። አለቀሰ። በሰርጋችን ሁሉ የዘፈኑልን ሴትዮ አይደሉም? ለአንተ ብንነግርህ ትነግራቸዋለህ። ከነገርካቸው ደግሞ ስለታቸውን ታውቃለህ፣ አፋቸውን ይዘጋሉ። ለዚያ ነው ድገም፣ ድገም ስንልህ የከረምነው። የልብስ ሰፊው ሱቅ ውስጥ እትየ የሉማ!"

"እጅህ ይባረክ ያልከውስ?"

"ያን ቀንማ ለእሳቸው ነው ያልኩት። ክርህ እንደላላ የማንሰማ መስሎህ ነው?"

ልደሰት ይገባኝ ነበር፣ አይደል? አልተደሰትኩም። ቀናሁ። በገዛ እናቴ ቀናሁ፤ እንዲህ ብሎ መጻፍ ያሳፍራል፣ ግን ሆነ። "ስለዚህ እኔ ወጥመድ ላይ የምትደረግ ጥሬ ነኝ" አልኩት። "ወፏ እንድትመጣ።" አይደለም አለ፤ ነገር ግን ቶሎ አላለም። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ የሦስቱ ግሩፕ ውስጥ አስገባኝ። "አንድ ዘፈን ነው የቀረን" አለ። "የመጨረሻው። እባክህ ለእሳቸው አትንገር፤ እዛው ቦታህ ሆነህ ብቻ ምታው። ካለቀ በኋላ እኛ ራሳችን መጥተን እግራቸው ላይ እንወድቃለን።"

ስመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ነገሩን አገላበጥኩት። ዝም ብል አልበሙ ያልቃል፣ እኔም ግሩፑ ውስጥ ነኝ፤ ግን የእናቴን ድምፅ ከጉሮሮዋ እየሰረቅሁ። ብነግራት አፏን ትዘጋለች፣ ዘፈኖቹን አጥፉ ትላለች፣ ዘፈን ከሌለ ደግሞ እኔ ከማን ጋር ምን አለኝ? ሦስቱን ጓደኞቼን ጠላኋቸው። መጠርጠሬ ይሻለኝ ነበር። ሰው ሲጠረጥር ቢያንስ በደለኛው ሌላ ሰው ነው።

ቤት ስደርስ እማየ ራኩባው ሥር ነበረች። ሰላም ከማለቷ በፊት "አወጡህ?" አለችኝ። አልነገርኳትም ነበር እኮ!

"አላወጡኝም።"

"እንግዲያ የምትደብቀኝ ምንድን ነው?"

ከከሰላ ያመጣሁትን ዘፈን ስልኬ ላይ አውጥቼ ኢርፎኑን ጆሮዋ ውስጥ አደረግሁላትና ከፈትኩት። ሰፌዷን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ሰማች። እስከ መጨረሻው ሰማች። ፊቷን እያየሁ ነበር፤ አልደነገጠችም። እስከ ዛሬ እጠረጥራለሁ፤ ያ ሁሉ ጊዜ እንደምታንጎራጉር ታውቅ ነበር ይሆን? ብጠይቃትም አትነግረኝም። ኢርፎኑን አውጥታ አማተበች።

"ስለቴን አፈረስኩ ማለት ነው።"

"ሳታውቂው ነው፣ እማየ። አጥፉት ካልሽ እናጠፋዋለን።"

"ሳላውቅ እንደሆነ ማርያም ታውቃለች" አለችና ኢርፎኑን በጣቶቿ አገላበጠችው። ከዚያ፦ "ይኸ ነገር የት ይሄዳል?"

"ስልክ ያለበት ሁሉ።"

"ሊቢያስ?"

"ሊቢያም ስልክ አለ።"

ሰፌዱ ላይ ያለውን ሰሊጥ በመዳፏ ደጋግማ አስተካከለች። "እንደገና ክፈተው" አለች። ከፈትኩላት። መሃል ላይ ስትደርስ ፊቷ ተቋጠረ። "ክራሩ የት አለ?"

"ከሥር ነው። ያንቺ ድምፅ እንዲሰማ ዝቅ አድርገውት ነው።"

"እንዴት ያሉ ጅሎች ናቸው!" አለች። እንዲህ ስትቆጣ ከስንት ጊዜ በኋላ አየኋት። "የኔን ድምፅ ማን ያውቀዋል? ወንድምህ ሲሄድ የሚያውቀው የሰርግ ድምፄን ነው። ይኸ የአሮጊት ጉምጉምታ ነው፣ ቢሰማው ያልፈዋል። ክራሩን ግን ጣትህን ይዞ ያስተማረህ እሱ አይደል? እኔን ቢስተኝ አንተን አይስትህም። ደውልለት ለዚያ ለከሰላው ልጅ።"

ደወልኩ። ስልኳን ከእጄ ቀማችኝ። "አንተ የሰው ጓዳ አዳማጭ!" ብላ ጀመረች፤ ከማዶ "እትየ ይቅር ይበሉኝ፣ እግርዎ ላይ ልውደቅ" የሚል ድምፅ ይሰማል። "መውደቁን ተወውና ስማኝ። የልጄን ክራር ከፍ አድርጉት። ከኔ በላይ አድርጉት። አለዚያ ድምፄን መልሱልኝ።" ዘጋችውና መስኮቱ ላይ፣ ስልኩ ዱሮ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ፣ ራሷ አስቀመጠችው።

ክራሬን አንስቼ መቃኘት ጀመርኩ። ሦስተኛዋን ክር አላገኛት አልኩ። እማየ ሰፌዷን አንስታ፣ ፊቷን ወደ እኔ ሳታዞር፣ ለማን እንደምትናገር ሳይታወቅ እንዲህ አለች፦

"እኔ እንደሆን አልዘፍንም። ሰሊጤን ነው የማበጥረው። አንተ ግን ጠንክረህ ምታ፤ ይስማህ።"